መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ውስጥ ማን ይነሣል?

መብራት ተመልሶ የጽሕፈት ሱቁ ኮምፒውተር እየተከፈተ ነበር። አንድ አዛውንት ማመልከቻቸው እስኪታተም በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቢሮው ለምሳ ሳይዘጋ ማስገባት አለባቸው። ሺንሺቾ የቃጫ ቢራ ወረዳ መቀመጫ በመሆኗ ከየቀበሌው ለጉዳይ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ብዙው ጉዳይ ደግሞ የሚጀምረው እንዲህ ካለው ሱቅ ነው። ማመልከቻው የሚጻፈው፣ መታወቂያው ኮፒ የሚደረገው፣ የልጅ ውጤት የሚታየው እዚሁ ነው።

ልጁ ማውሱን ገፋ አደረገው። ቀስቷ ክብ ሆና መሽከርከር ያዘች። ጽሑፉ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተከፈተ። እንዲያትም አዘዘው፤ ፕሪንተሩ ዝም አለ። ደግሞ አዘዘው፤ ዝም። ሦስተኛ አዘዘው።

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም።»

«አንተ ልጅ፣ ትናንትም ቫይረስ ነው ያልከኝ። ዛሬም እሱ ነው?»

ቫይረስ አልነበረም። ፕሪንተሩም ጤነኛ ነበር። በዚያች ሰዓት በኮምፒውተሩ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ሠራተኞች እኩል ተነሥተው አንዱን ሃርድ ዲስክ ይሻሙ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ለፕሪንተሩ ሥራ የሚያቀብለው፣ መብራት ሲጠፋ በእጁ የነበረውን ግማሽ ሥራ እንደያዘ ቀርቷል። የኮምፒውተር ሰዎች እነዚህን ሠራተኞች ሰርቪስ ይሏቸዋል። መስኮት የላቸውም፤ ሊዘጓቸው የሚችሉበት የኤክስ ምልክትም የለም። በእኛ ከተሞች ኮምፒውተር በተንቀራፈፈ ቁጥር የበሽታው ስም «ቫይረስ»፣ መድኃኒቱ «ፎርማት» ነው። ፎርማት የሠርግ ፎቶ ይዞ ይሄዳል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል፤ ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም የላከውን ቪዲዮ ይዞ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የጠፋበት ሰው አጠገብ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ችግሩ አንድ ሰርቪስ አቁሞ በማስነሣት የሚያልቅ ነበር። ስለዚህ እነዚህን ሠራተኞች በስማቸው ላስተዋውቃችሁ።

ከምናውቀው ልነሣ። እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ከገባ፣ በኮባ ተሸፍኖ ድንጋይ ከተጫነበት በኋላ ጓሮው ጸጥ ይላል፤ ሥራው ግን አልቆመም። ቤተሰቡ ሲተኛም፣ ገበያ ሲወጣም ቆጮው ከታች እየበሰለ ነው። የቤቱ እናት በየቀኑ እየከፈተች አታየውም፤ መቼ እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚገለበጥ ታውቃለች። የማያውቅ ሰው «እዚህ ምን ተቀበረ?» ብሎ ቢቆፍረው የወራት ሥራ ያበላሻል። ሰርቪስም ከዚህ አይርቅም። ባለቤቱ ሳያዝዘው ይጀምራል፣ ሳያሳይ ይሠራል፣ ያለጊዜው የነካው ሰው ይጎዳል። ቢሆንም ጨርሶ የማይነካ ነገር አይደለም፤ ጊዜውንና ስሙን ለሚያውቅ ይከፈታል።

ሰርቪስን ከሌላ ነገር ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት በራሱ የሚነሣ ፕሮግራም ሁሉ ሰርቪስ አይደለም። በአማርኛ የምንጽፍ ሁሉ የምናውቀውን ፓወር ግዕዝን እንውሰድ። ከታች በሰዓቱ አጠገብ ተቀምጦ የምንነካቸውን የእንግሊዝኛ ቁልፎች ወደ ፊደል ይለውጣል። እሱ የሚነሣው የይለፍ ቃል ገብቶ የሰውየው ገጽ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሰርቪሶቹ ግን ከዚያ ይቀድማሉ፤ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ከመምጣቱ በፊት ሥራ የጀመሩ አሉ። ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ ሳትገቡ ብትተዉት እንኳ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። «ኮምፒውተር ያቀልላል» ተብሎ ተነግሮት በመነሻ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋ አንድ ወዳጄ በማግስቱ ጠዋት በአማርኛ መጻፍ አቅቶት ደወለልኝ። ያጠፋው ሰርቪስ አልነበረም፤ የገዛ ጸሐፊውን ነበር ያሰናበተው።

ሐሳቡ በዕድሜ ከእኛ ኮምፒውተሮች በብዙ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ ፕሮጀክት ማክ በተባለው ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ከጀርባ ሆነው የማሽኑን ውስጣዊ ሥራ ለሚያከናውኑ ፕሮግራሞች ስም ፈለጉ። ያወጡት ስም «ዴመን» ነው። ቃሉ በእኛ ጆሮ ክፉ ነው፤ በእርግጥ ጋኔን ማለት ነው። እነሱ ግን ያሰቡት የስኮትላንዱን የፊዚክስ ሊቅ የጄምስ ክላርክ ማክስዌልን ምናባዊ ፍጡር ነበር፤ በሁለት ክፍሎች መካከል ባለች በር ቆሞ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ሞለኪውል እየለየ የሚያሳልፍ፣ የማይታይ፣ የማይደክም በረኛ። በዩኒክስና በሊኑክስ ሰፈር ስሙ ዛሬም ይሠራበታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ዊንዶውስ ኤንቲን ሲያወጣ ሰርቪስ የሚለውን ያዘ፤ ዛሬ በየጠረጴዛችን ያሉት ዊንዶውስ 10 እና 11 የዚያው የኤንቲ ዘር ናቸው።

አሁን ወደ ራሳችሁ ማሽን ግቡ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ብትጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ዝርዝሩን ወደ ታች ስታወርዱት «ሰርቪስ ሆስት» የሚል ስም እየተደጋገመ ይመጣል። ይህ ድግግሞሽ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ «ቫይረሱ ተባዝቷል» ያለኝ ሰው አለ። ሰርቪስ ሆስት ቤት ነው፤ ሰርቪሶች የሚያድሩበት። ቀድሞ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰርቪሶች ታጭቀው ያድሩ ነበር፤ አንዱ ሲወድቅ አብረውት ያሉት ሁሉ ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ባለው ዊንዶውስ 10፣ ማሽኑ ከ3.5 ጊጋባይት የበለጠ ራም ካለው፣ አብዛኞቹ ለየብቻቸው ቤት ተሰጣቸው። የቤቱ ብዛት የዚህ ውጤት ነው።

ሙሉ ዝርዝሩን ለማየት በስታርት መፈለጊያው ላይ ሰርቪስስ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። የሚከፈተው ሰሌዳ ረጅም ነው፤ ስም፣ አጭር መግለጫ፣ አሁን እየሠራ እንደሆነና አነሣሡን ይነግራችኋል። ልብ ልትሉት የሚገባው አነሣሡን ነው። «አውቶማቲክ» የተባለው ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ ይነሣል። «አውቶማቲክ፣ ዲሌይድ ስታርት» የተባለው የመጀመሪያው ግርግር እስኪያልፍ ታግሦ ነው የሚነሣው፤ ትዕግሥቱ እንደ ልማዱ 2 ደቂቃ ያህል ነው። «ማኑዋል» የሚለው ቃል ሰው ያሳስታል፤ እናንተ በእጃችሁ ካላስነሣችሁት አይሠራም ማለት አይደለም። የሚፈልገው ሲመጣ ዊንዶውስ ራሱ ይቀሰቅሰዋል ማለት ነው፤ ብሉቱዝ ስትከፍቱ የብሉቱዙ ይነሣል እንደማለት። «ዲስኤብልድ» የተባለው ግን ማንም ቢጠራው አይሰማም። በዚህ ምክንያት አንድን ሰርቪስ ስትጠራጠሩ ዲስኤብልድ ከማድረግ ማኑዋል ማድረግ ይሻላል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ካላስፈለገ አይነሣም፤ ካስፈለገ በሩ አልተቆለፈበትም።

ወደ አዛውንቱ ማመልከቻ እንመለስ።

ፕሪንተር ከኮምፒውተር አንጻር እጅግ ዘገምተኛ ነው። ኮምፒውተሩ ገጹን በቅጽበት ያዘጋጃል፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ስቦ፣ ቀለም ቀብቶ እስኪያወጣ ግን ጊዜ ይወስዳል። ጸሐፊው ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ፣ «ፕሪንት ስፑለር» የተባለው ሰርቪስ ሥራውን ተቀብሎ ዲስክ ላይ ያስቀምጥና አንድ በአንድ ለፕሪንተሩ ያቀብላል። ወረፋ አስከባሪ ነው። መብራት ሲጠፋ በእጁ የነበረው ሥራ ተቆርጦ ይቀራል፤ ፋይሉ ግን ዲስኩ ላይ አለ። መብራት ሲመለስ ስፑለሩ ከዚያው ከተቆረጠው ሥራ ይጀምራል፤ ያ ሥራ አያልቅም፣ ከወረፋውም አይወጣም። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ይቆማል። ልጁ ሦስት ጊዜ «አትም» በማለቱ ማመልከቻው ሦስት ጊዜ ተሰልፏል፤ ከፊቱ ያለው ግን አልተነቃነቀም። ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት የማይረዳው ለዚህ ነው፤ የተቆለፈው ወረፋ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

እኔና ልጁ ያደረግነው ይህን ነው። የሰርቪሶቹን ሰሌዳ ከፈትን። ፕሪንት ስፑለርን ፈልገን በቀኝ ቁልፍ ነካነውና «ስቶፕ» አልነው። ከዚያ ወደ ሲ ድራይቭ ገባን፤ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ። ዊንዶውስ ፈቃድ ጠየቀ፤ ፈቀድን። ፎልደሩ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ፋይሎች አሉ፤ አንዱ የሚታተመውን ይዘት፣ አንዱ የማን እንደሆነና እንዴት እንደሚታተም ይይዛል። የአዛውንቱ ማመልከቻ ሦስት ጥንድ ሆኖ ተሰልፏል፤ ከፊቱ ከመብራቱ መጥፋት በፊት የተላከ የሌላ ሰው ወረቀት ተገትሯል። በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ብቻ አጠፋን፤ ፎልደሩን አልነካንም። ወደ ሰሌዳው ተመልሰን «ስታርት» አልን። ልጁ ማመልከቻውን እንደገና አዘዘ። ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀት ሳበ። ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ሥራ ነው። የጠፋው ወረፋው ነው እንጂ ጽሑፉ አይደለም፤ ጽሑፉ ቀድሞም በሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር።

ከፕሪንተሩ ቀጥሎ ሁለተኛው ነገር ኪስን የሚነካው ነው። እዚህ ብዙ ሰው ላፕቶፑን ኢንተርኔት ላይ የሚያደርገው የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ነው። ለአንድ ኢሜይል የገዛው ጥቅል ኢሜይሉ ሳይላክ ያልቅበታል። «ቴሌ በላኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ የበላው ጉልበቱ ላይ የተቀመጠው ላፕቶፕ ነው። «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚባለው ሰርቪስ አዲስ ነገር መኖሩን ይጠይቃል፤ ካለም ከጀርባ ያወርዳል። ወርኃዊው አፕዴት በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ነው፤ ዓመታዊው ትልቁ ጊጋባይቶች ሊጠይቅ ይችላል። ላፕቶፑ የስልኩን ሆትስፖት ሲያይ ተራ ዋይፋይ ይመስለዋል፤ ሜጋባይቱ በብር እንደሚገዛ የነገረው የለም።

ንገሩት። ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር ተገናኝታችሁ ሳለ በሴቲንግ ውስጥ ወደዚያ ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ግቡና «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት በዚያ መስመር ማውረድ ያቆማል፤ የቢሮ ወይም የኮሌጅ ዋይፋይ ሲያገኝ ያወርዳል። ሰርቪሱን ራሱን መግደል አያስፈልግም። ከአፕዴቱ ጋር «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባል አለ፤ ያወረዳችሁትን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ያካፍላል። ማካፈሉ ኢንተርኔት ላይ ላሉ ማሽኖች እንደሆነ ዝጉት። በአንድ ቢሮ ውስጥ ላሉት ብቻ ከሆነ ግን ክፍት ተዉት፤ አምስት ኮምፒውተር ባለበት ክፍል አንዱ ያወረደውን አራቱ ከሱ ይቀበላሉ፤ ውዱ መስመርም ያርፋል።

መንቀራፈፉስ? ከውጭ አገር አገልግሎ የመጣ፣ በዘመድ እጅ የተላከ፣ 4 ጊጋ ራም ያለውና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ በየቤቱ አለ። ታስክ ማኔጀር ላይ «ዲስክ» የሚለው አምድ 100 በመቶ ሆኖ ካያችሁ ሁለት ስም ፈልጉ፤ «ሲስሜይን» እና «ዊንዶውስ ሰርች»። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የምትከፍቱትን ፕሮግራም አጥንቶ አስቀድሞ ራም ላይ ያሰናዳል፤ በቀድሞ ስሙ ሱፐርፌች የሚያውቁት አሉ። ሁለተኛው ፋይል ስትፈልጉ ቶሎ እንዲያገኝላችሁ ማውጫ ያዘጋጃል። ሁለቱም ለመልካም የተሠሩ ናቸው። መብራት በቀን ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት ቦታ ግን ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር እንደገና ይነሣሉ፤ አሮጌው ዲስክ እነሱንም ባለጉዳዩንም እኩል ማስተናገድ አይችልም። ሲስሜይንን አቁሞ አንድ ሳምንት መታዘብ ጉዳት የለውም፤ ለውጥ ካላመጣ ትመልሱታላችሁ። ከልቤ የምመክረው ግን ሌላ ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ሃርድ ዲስኩን በማይሽከረከረው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ መቀየር። ከዚያ በኋላ እነዚህን ሁለቱን ማሳደድ አያስፈልግም።

እጅ መሰብሰብ ያለበት ቦታም አለ። «ሪሞት ፕሮሲጀር ኮል» የሚባለውን ብትከፍቱ የማቆሚያው ቁልፍ ፈዝዞ ታገኙታላችሁ፤ ዊንዶውስ አያስነካውም። እሱ የቤቱ ምሰሶ ነው፤ ብዙ ሰርቪሶች፣ ፕሪንት ስፑለርም ጭምር፣ በሱ ላይ ተደግፈዋል። ማንን ማን እንደተደገፈ ለማወቅ ሰርቪሱን ከፍቶ «ዲፔንደንሲስ» የሚለውን ገጽ ማየት ነው። ከመንካት በፊት ያንን ገጽ ማየት ልማድ ይሁን። ከውጭ የገቡትን ብቻ መለየት ሲያስፈልግ ደግሞ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ ሰርቪሶቹ ባሉበት ገጽ የማይክሮሶፍትን ሁሉ የሚደብቅ ሳጥን አለ። እሱን ስትመርጡ ረጅሙ ዝርዝር ወደ ጥቂት መስመር ያጥራል፤ ከዓመታት በፊት የተጣለ ፕሪንተር ሶፍትዌር፣ የተረሳ የቪዲዮ ፕሮግራም ዛሬም በየጠዋቱ ሲነሣ የምታገኙት እዚያ ነው። መቀነስ የፈለገ ሰው ከእነዚህ ይጀምር።

አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ፎርማት አድርገው ከሚመልሱ ሰዎች አንዳንዶቹ ዊንዶውስ አፕዴትን አጥፍተው ነው የሚመልሱት፤ ባለቤቱ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር የተባለው ተባይ በፍላሽም በኔትወርክም እየተዛመተ ሚሊዮኖች ማሽን ውስጥ ገብቷል። ገብቶ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ዊንዶውስ አፕዴትንና የጥበቃ ሰርቪሶችን ማጥፋት ነበር። አፕዴቱን በገዛ እጃችን ስናጠፋ ያንን ሥራ እኛው ሠራንለት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ግንቦት ላይ የሰው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የጠየቀው ዋናክራይ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲመታ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ያህል አልፎት ነበር። የተመቱት ያልተቀበሉት ናቸው። ለሁሉም በነጻ ይደርስ የነበረው የዊንዶውስ 10 መደበኛ አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል፤ ብዙዎቹ ላፕቶፖቻችን ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ስለዚህ የቀረውን ጥበቃ፣ በተለይ የዊንዶውስን ጸረ-ቫይረስ ዲፌንደርን፣ ባለበት መተው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

የወረፋ አስከባሪው ስፑለርም ቢሆን ክፍተት ተገኝቶበት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 አጋማሽ ላይ «ፕሪንት ናይትሜር» የተባለው ቀዳዳ ሲወጣ ባለሙያዎች የማያትሙ ማሽኖች ላይ ስፑለሩን እንዲያጠፉት ተመክሮ ነበር። ፕሪንተር የማታገናኙበት ላፕቶፕ ካላችሁ ዛሬም ማጥፋቱ ክፋት የለውም። የጽሕፈት ሱቅ ከሆናችሁ ግን እንጀራችሁ እሱ ነው፤ አፕዴቱን እየተቀበላችሁ አቆዩት።

አዛውንቱ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ከትተው ሄዱ። ልጁ ከመሳቢያው የሒሳብ ደብተር አወጣ፤ ከኋላ በኩል ገልብጦ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት መስመር አሰመረ። ቀን፤ የሰርቪሱ ስም፤ ከመንካቱ በፊት የነበረው፤ አሁን ያለው። ማንም መጥቶ ምኑን ነካኸው ቢለው መመለሻ መንገዱ ይኸው ነው። ከመስመሩ በታች ጻፈ፤ «ኅዳር 12። ፕሪንት ስፑለር። አውቶማቲክ ነበር፤ ወረፋ ተቆልፎ ቆመ። ወረፋው ተጠርጎ ተነሣ። አውቶማቲክ እንደሆነ አለ።»